«ጥንታዊ የሃዋይ አተነፋፈስ» የሚባለው ልምምድ ከየት መጣ? ለመረጋጋትና ለብርታትስ በእርግጥ ይጠቅማል?

ማኅሌት ዘጊዮን (ጥያቄ አቅራቢ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት። በመሥሪያ ቤታችን ስለ ሥራ ጭንቀት በተሰጠ ሥልጠና ላይ አሠልጣኟ «ሃ» የሚባል የአተነፋፈስ ልምምድ አሳይታን ነበር። እርሷ እንደ ነገረችን፣ ይህ ልምምድ የሃዋይ ካህናት ለብዙ መቶ ዓመታት በምሥጢር ሲቀባበሉት የኖሩት ጥበብ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ እግርን መሬት ላይ አስተካክሎ መቀመጥ፣ በአፍንጫ ቀስ ብሎ አየር መሳብ፣ ከዚያም አፍን ከፍቶ «ሃ» የሚል ለስላሳ ድምፅ እያሰሙ አየሩን ለመሳብ የወሰደውን ጊዜ እጥፍ ያህል አርዝሞ ማስወጣት። ይህን ለጥቂት ደቂቃዎች የደጋገመ ሰው አእምሮው እንደሚረጋጋ፣ ሰውነቱም አዲስ ኃይል እንደሚያገኝ ነው የተነገረን።

ከልምምዱ በኋላ ትከሻዬ እንደ ላላና ሐሳቤ እንደ ተሰበሰበ አልክድም። ይሁን እንጂ ነገሩ በእርግጥ የሃዋይ ሕዝብ ቅርስ መሆኑን ለማወቅ እፈልጋለሁ። ኦርቶዶክሳዊት ክርስቲያን እንደ መሆኔም፣ ከሌላ አምልኮ ጋር የተያያዘ ሥርዓት ሳላውቀው እየፈጸምሁ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ኃይል ይሰጣል የተባለውስ በምን መንገድ ነው? ጉዳዩን የምታውቁ ብታብራሩልኝ ታላቅ ውለታ ነው።

የታሪክ ወዳጅ

እኅቴ ማኅሌት፣ ስለ አመጣጡ የማውቀውን ላካፍልዎ። አሠልጣኝዎ ባሳየቻችሁ መልክ ተዘጋጅቶ፣ «ኃይል ማከማቻ» ተብሎ የሚሰጠው ልምምድ በዋነኛነት የሚገኘው «ሁና» በሚባለው ትምህርት ውስጥ ነው። ሁናን ያቀናበረው ደግሞ ማክስ ፍሪደም ሎንግ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ያቀናበረውም በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ሎንግ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ ሃዋይ ሄዶ በመምህርነት እየሠራ ስለ ካሁናዎች ጥበብ ለማወቅ ሞከረ። ካሁና የሚባለው በአንድ ሙያ የተካነ ሰው ነው፤ ፈዋሹም፣ ታንኳ ጠራቢውም፣ በመቅደስ ጸሎት የሚመራውም በዚህ ስም ይጠራሉ። ሎንግ ራሱ እንደ ጻፈው ግን ካሁናዎቹ ምሥጢራቸውን አልገለጡለትም። በሆኖሉሉ የሚገኘው የቢሾፕ ሙዚየም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ከነበሩት ከዊልያም ብሪገም ብዙ ታሪክ እንደ ሰማ ይናገራል።

ሥርዓቱን የገነባው ወደ ካሊፎርኒያ ከተመለሰ በኋላ ነው። የካሁናዎቹ ምሥጢር በቋንቋው ቃላት ውስጥ ተሰውሯል ብሎ በማመኑ፣ የሃዋይኛ መዝገበ ቃላት ይዞ ቃላቱን ወደ ክፍሎቻቸው እየበተነ ከእያንዳንዱ ክፍል ትርጓሜ አወጣ፤ ከእነዚህም ትርጓሜዎች ስለ ሰው ነፍስ፣ ስለ ጸሎትና ትንፋሽን በማብዛት ስለሚከማች ኃይል የሚናገር አንድ ሙሉ ትምህርት አቆመ። እ.ኤ.አ. በ1945 ማኅበር መሠረተ፤ በ1948 ደግሞ ዋናውን መጽሐፉን አሳተመ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ አስተማሪዎች ልምምዱን እያሻሻሉ በሳምንት መጨረሻ በሚሰጡ የክፍያ ሥልጠናዎች ወደ ብዙ አገሮች አደረሱት።

ከዚህ አንጻር ሃዋያውያን ራሳቸው የጻፉትን ማየት ይገባል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአባቶቻቸውን ሥርዓት በገዛ ቋንቋቸው የመዘገቡት ዴቪድ ማሎ፣ ሳሙኤል ካማካው፣ ጆን ፓፓ ኢኢ እና ኬፔሊኖ ስለ ጸሎት፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ መቅደስ ሥርዓት፣ ስለ ካሁናዎችም ልዩ ልዩ ሙያ በዝርዝር ጽፈዋል። በእነርሱ ጽሑፍ ውስጥ «ሁና» በሚል ስም የሚጠራ የምሥጢር ትምህርት አይገኝም። በሃዋይኛ ከ1834 እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ከመቶ የሚበልጡ ጋዜጦች ታትመዋል፤ ይህን ያህል ጽሑፍ ትቶ ያለፈ ሕዝብ ባለበት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው በግምት ያዘጋጀውን «የእናንተ ጥንታዊ ምሥጢር» ብሎ መልሶ መሸጥ ከባድ በደል ሆኖ ይታየኛል።

የሆኖሉሉ ነዋሪ

ወንድማችን የታሪክ ወዳጅ የጻፉት ትክክል ነው። ሆኖም እኅታችን «እንግዲያውስ ሃዋያውያን ስለ ትንፋሽ የራሳቸው ነገር የላቸውም» ወደሚል መደምደሚያ እንዳይደርሱ እፈራለሁ፤ እውነታው የዚህ ተቃራኒ ነውና። እኔ በኦዋሁ ደሴት ለረጅም ጊዜ ስኖር እንዳየሁትና ከጎረቤቶቼ እንደ ተማርሁት፣ ትንፋሽ እዚህ ከብዙ ነገር ጋር የተሳሰረ ነው፤ ብቻውን ተነጥሎ በደቂቃ እየተለካ ሲሠራ ግን አላየሁም።

በመጀመሪያ ሆኒ የሚባለውን ሰላምታ ልጥቀስ። ሁለት ሰዎች ግንባራቸውንና አፍንጫቸውን አገናኝተው በአንድነት ትንፋሽ ይስባሉ፤ በኒውዚላንድ ማኦሪዎች ዘንድም ተመሳሳይ ሥርዓት አለ። አንዱ የሌላውን ሕይወት እንደ ተካፈለ ስለሚቆጠር፣ ከልብ ካልሆነ ሰው ጋር የሚደረግ ነገር አይደለም። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ በሞት አፋፍ ላይ ያለ አዋቂ ሰው ሙያውን ለመረጠው ተተኪ የሚያስተላልፍበት ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1986 የኖሩት ታላቋ የሃዋይ ሊቅ ሜሪ ካዌና ፑኩዪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እንደ መዘገቡት፣ ሽማግሌው ትንፋሹን በተተኪው አፍ ላይ እፍ በማለት ማናውን፣ ማለትም በውስጡ ያለውን የሙያና የመንፈስ ኃይል፣ ያስተላልፍ ነበር። ይህ በሥልጠና አዳራሽ ለመጣ ሰው ሁሉ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ በዕድሜ አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰው፣ ከብዙ ዓመታት ትምህርት በኋላ የሚሆን ነው።

ትንፋሽን እንደ ሙያ የሚያሠለጥነው ግን ኦሊ ነው። ኦሊ ያለ ጭፈራ የሚቀርብ ዜማ ሲሆን፣ የነገሥታትን ትውልድ ለመቁጠር፣ ወደ አንድ ሥፍራ ለመግባት ፈቃድ ለመጠየቅ፣ ወይም ለሞተ ሰው ለማልቀስ ይውላል። ዜመኛው ረጅም ሐረግ በአንድ ትንፋሽ መዝለቅ አለበት። ኬፓኬፓ በሚባለው ፈጣን ስልት ውስጥ ቃላቱ እንደ ንግግር ተከታትለው ስለሚወርዱ፣ ትንፋሹን ከሆዱ ያላደላደለ ሰው መካከል ላይ ይቀራል። በጥንቱ መቅደስ የሚደረግ ጸሎት ያለ ስሕተትና ያለ መቆራረጥ መጠናቀቅ ነበረበት፤ ከተሰናከለ ክፉ ምልክት ተደርጎ ይወሰድ ነበር። ስለዚህ ትንፋሽን መግዛት ለዜመኛው ዋና ሙያ ነበር።

ልጆችም ይህንኑ በጨዋታ ይማሩት ነበር። በኮና ባሕር ዳርቻ ፀሐይ አድማስን ስትነካ ልጆቹ «ናኡ» የሚለውን ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ይጀምራሉ፤ ፀሐይዋ ፈጽማ እስክትሰወር ድረስ ሳያቋርጡ ለመዝለቅ ይወዳደራሉ፤ አየር ያለቀበት ዝም ይላል። በዚያ ኬክሮስ ፀሐይ አድማሱን ከነካችበት ቅጽበት እስከምትጠልቅበት ድረስ ከሁለት ደቂቃ በላይ ስለሚወስድ፣ ፈተናው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚነፋው የቀርከሃ ዋሽንትም አለ፤ ሌላውን ቀዳዳ በጣት ይዘው ድምፁን እጅግ ዝግ አድርገው ያወጡታል። ሰውን የሚያረጋጋ የሃዋይ አተነፋፈስ የት እንዳለ ብጠየቅ ይህን ዋሽንት ከሚነፋ ሰው አጠገብ መቀመጥን እመርጣለሁ።

ነርስ ጽዮን

ሰላም ለሁላችሁ። ሙያዬ ነርስነት ስለሆነ፣ ልምምዱ በሰውነት ላይ ስለሚያደርገው ልናገር። አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ያለ ሥራ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። አየር ስናስገባ ልባችን በጥቂቱ ትፈጥናለች፤ ስናስወጣ ደግሞ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ፍጥነቷን ይገታዋል። እንግዲህ የማስወጫው ጊዜ ሲረዝም ልብ ዝግ የምትልበት ጊዜም አብሮ ይረዝማል፤ ሰውነትም ለመሸሽ ወይም ለመታገል ከተዘጋጀበት ሁኔታ ወደ ዕረፍት ይመለሳል። ስለዚህ እኅት ማኅሌት የተሰማዎት የትከሻ መላላት እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው።

እጥፍ የሚሆነው የማስወጫ ርዝመትም በሕክምና የምንጠቀምበት ነው። ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ ላለባቸው ሕሙማን በአፍንጫ እንዲስቡና ከንፈራቸውን ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው አሹለው በእጥፍ ጊዜ ቀስ ብለው እንዲያስወጡ እናስተምራቸዋለን፤ የአየር ቧንቧዎቹ ቶሎ እንዳይዘጉና የታመቀው አየር እንዲወጣ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ውስጥም፣ ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ለ5 ደቂቃ ረጅም የማስወጫ ጊዜ ያለውን አተነፋፈስ የተለማመዱ ሰዎች፣ በተመስጦ ብቻ ከቆዩት ይልቅ ስሜታቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። የስሜቱ መለኪያ ተሳታፊዎቹ ራሳቸው የሰጡት መልስ መሆኑን ግን አብሮ ማስታወስ ያስፈልጋል።

«ኃይል ይሰጣል» የሚለውን በተመለከተ አሠልጣኞች ብዙ ጊዜ «ሰውነት በኦክስጅን ይሞላል» ይላሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከመጀመሪያውም ከመቶ 95 እና ከዚያ በላይ ኦክስጅን ይዟል፤ የሚጨመርበት ቦታ ጥቂት ነው። አጥብቆና አፍጥኖ በመተንፈስ የሚለወጠው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ነው። እርሱ ሲቀንስ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ ያዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል። አንዳንዶች ይህን መነዘር «ኃይሉ እየገባልኝ ነው» ብለው ይተረጉሙታል። በእኔ እምነት ከትክክለኛው ልምምድ በኋላ የሚሰማው ብርታት ቀኑን ሙሉ ተወጥረው የዋሉት ጡንቻዎች ሲላሉ፣ በጭንቀት የሚባክነውም ትኩረት ሲሰበሰብ የሚገኝ ነው፤ ይህም ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ቀና መንገድ

ሁላችሁም ያቀረባችሁት ትምህርት ያረካል። ነገር ግን ልምምዱ ከጠቀመ፣ መነሻው ሃዋይ ይሁን ካሊፎርኒያ ለተጨነቀ ሰው ምን ልዩነት ያመጣል? በሌሊት እንቅልፍ አጥቶ የሚገላበጥ ሰው የሚፈልገው የታሪክ ማስረጃ ሳይሆን ዕረፍት ነው። የስሙን ክርክር ለሊቃውንት ትተን ጥቅሙን ብንይዝ አይሻልም ትላላችሁ?

የታሪክ ወዳጅ

ወንድሜ ቀና መንገድ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ስለሆነ በቅንነት ልመልስልዎ። ለተጨነቀው ሰው ዕረፍት ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ለተወሰደበት ሕዝብ ግን እጅግ ትልቅ ነው። ሃዋያውያን ምን እንዳለፈባቸው ይመልከቱ። ካፒቴን ኩክ እ.ኤ.አ. በ1778 ከደረሰ በኋላ ከውጭ የገቡ በሽታዎች ሕዝቡን ስለ ፈጁት፣ በ1890 ገደማ የቀሩት ከነድቅሎቻቸው ወደ 40,000 ያህል ብቻ ነበሩ። የቀድሞው የሃይማኖት ሥርዓት በ1819 በንጉሥ ሊሆሊሆ ዘመን ፈረሰ፤ በማግሥቱ ዓመት ሚስዮናውያን መጡ፤ በ1830 ደግሞ ንግሥት ካአሁማኑ ሁላ የሚባለው የሃዋይ ባህላዊ ጭፈራ በአደባባይ እንዳይጨፈር ከለከሉ። ንጉሥ ካላካዋ በ1883 በተከበረው የዘውድ በዓላቸው ላይ ሁላንና ዜማውን ወደ አደባባይ ቢመልሱም፣ በ1893 መንግሥቱ ተገለበጠ፤ በ1896 በወጣው ሕግ ምክንያትም ሃዋይኛ ከትምህርት ቤት ወጣ። ልጆች በአያቶቻቸው ቋንቋ መማር በተነፈጉበት በዚያው ዘመን፣ ቋንቋውን ከመዝገበ ቃላት ብቻ የሚያውቅ ሰው የካሁናዎችን ምሥጢር አገኘሁ ብሎ ጻፈ። አዋቂዎቹ ጠፍተው፣ የቀሩትም ዝም እንዲሉ ተደርገው ስለነበር የሚያርመው ሰው አልተገኘም።

ሃዋይኛ የግዛቲቱ ይፋዊ ቋንቋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ በቋንቋው የሚያስተምሩ የሕፃናት ትምህርት ቤቶችም ከ1984 ጀምሮ ተከፍተዋል። ዛሬ ልጆቻቸው ኦሊን ከመምህር አፍ እየተማሩ ሳለ፣ በሌላ አገር ያለ ሰው በሁለት ቀን ሥልጠና «የሃዋይ ትንፋሽ መምህር» የሚል ምስክር ወረቀት ተቀብሎ ሲያስተምር ቢያዩ ለምን እንደሚያዝኑ እረዳለሁ። ረጅም ማስወጫ ያለው አተነፋፈስ ለሁሉም የተሰጠ የሰውነት ጸጋ ነው፤ በራሱ ስም ቢሰጥ ማንም አይጎዳም።

ዘያሬድ

እኅታችን ማኅሌት ያነሣችው የሃይማኖት ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር ጥቂት ልበል። ቀስ ብሎ መተንፈስ በራሱ የየትኛውም አምልኮ ሥርዓት አይደለም፤ እግዚአብሔር ለሁሉ የሰጠው እስትንፋስ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አብሮ በሚሰጠው ትምህርት ላይ ነው። ሁና ትንፋሽን ለ«ማና» ማከማቻ፣ የተከማቸውንም ወደ «ላዕላይ ማንነት» ለመላኪያ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ይህ የእምነት ትምህርት ስለሆነ፣ አንድ ክርስቲያን አልቀበለውም የማለት መብት አለው። አሠልጣኟ ዓይን ጨፍኖ ኃይል እንዲወርድ መጥራትን ከጨመረች፣ ያንን ክፍል ትተሽ በዝምታ መተንፈስ ትችያለሽ፤ የሚያሳጣሽ ጥቅም የለም። ልብሽ ካላረፈ ደግሞ የንስሐ አባትሽን ማማከር ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጥናት ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የጣሊያን ተመራማሪዎች ሥራ፣ በ23 ሰዎች ላይ የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ማድረስና የሕንድ የዮጋ ቃል መደጋገም ምን እንደሚያደርጉ መርምሯል። ሁለቱም አተነፋፈስን በደቂቃ ወደ 6 አወረዱት፤ የልብና የደም ግፊት መቆጣጠሪያ ሥርዓትም በሁለቱም ተሻሻለ። ረጅም ሐረግ በዜማ የሚያደርስ ሰው ሳያስበው ትንፋሹን ያስረዝማል ማለት ነው፤ የሆኖሉሉው ወንድማችን ስለ ኦሊ የጻፉትን ሳነብ ይህ ነው የታየኝ። እኛም በማኅሌት ቆመን ዚቅና መዝሙር በዝማሜ ስናደርስ፣ በተለይም አንዱን ፊደል በብዙ ምልክት ስንጎትት፣ ትንፋሻችን ምን ያህል እንደሚረዝም እናውቀዋለን።

ማኅሌት ዘጊዮን

ከጠበቅሁት በላይ አስተምራችሁኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነርስ ጽዮን፣ ሁለት ነገር እንዲጨምሩልኝ እለምናለሁ። ልምምዱን በምን ልክ መሥራት ይበቃል? እናቴም አስም ስላለባቸው ባሳያቸው ጉዳት ይኖረው ይሆን?

ነርስ ጽዮን

እኅቴ፣ በልብዎ 3 ቆጥረው በአፍንጫ ይሳቡ፤ ከ6 እስከ 7 ቆጥረው ያስወጡ። ይህ በደቂቃ ወደ 6 ትንፋሽ ይመጣል። 5 ደቂቃ ይበቃል። «ሃ» የሚለውን ድምፅ ማሰማት ግዴታ አይደለም፤ የማስወጫውን ርዝመት ለመቆጣጠር ከረዳዎት ግን ይጠቀሙበት። ሆድዎ ቀስ ብሎ ይነሣ እንጂ ደረትዎን አይወጥሩ። ራስዎን ካዞረዎት አብዝተው እየሳቡ ነው ማለት ስለሆነ፣ አቁመው እንደ ወትሮው ይተንፍሱ። መኪና እየነዱ አይለማመዱ። ዋና የሚወድ ሰው ደግሞ ከመጥለቁ በፊት አፍጥኖና አጥብቆ መተንፈስን ፈጽሞ አይሞክር፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚቀንስ «አየር አጠረኝ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ይዘገያል፤ ሰውየውም ውኃ ውስጥ ሳለ ራሱን ሊስት ይችላል።

እናትዎ ሕመሙ ባልተነሣበት ሰዓት፣ ትንፋሽ ሳይዙ፣ ከንፈራቸውን አሹለው ቀስ ብለው ቢያስወጡ የሚጎዳቸው አይመስለኝም፤ ሆኖም አስቀድመው ለሐኪማቸው ይንገሩ። የታዘዘላቸውን የሚነፋ መድኃኒት በዚህ መተካት ግን አይቻልም። ደረታቸው ሲያፍን፣ ሲያፏጭ ወይም መናገር ሲያቅታቸው የሚያስፈልጋቸው መድኃኒታቸውና ፈጣን ሕክምና ነው። በድንገተኛ ፍርሃት የሚሠቃዩ ሰዎችም አንዳንዴ ትንፋሻቸውን መከታተላቸው ፍርሃቱን ያብስባቸዋልና፣ እንዲህ ያለ ሰው ከሆነ በባለሙያ እርዳታ ቢጀምር ይመረጣል።

ማኅሌት ዘጊዮን

አመሰግናለሁ። ለአሠልጣኟም በትሕትና እጽፍላታለሁ፤ ልምምዱን እንድትቀጥልበት፣ «የሃዋይ ካህናት ምሥጢር» የሚለውን ግን ከጽሑፏ እንድታወጣው እጠይቃታለሁ። የሆኖሉሉ ነዋሪ፣ እውነተኛውን ኦሊ በሩቅ ያለ ሰው የት ሊሰማው ይችላል?

የሆኖሉሉ ነዋሪ

በሂሎ ከተማ በየዓመቱ ከምዕራባውያን ፋሲካ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት የሚከበረው፣ በንጉሥ ካላካዋ ቅጽል የተሰየመው የሜሪ ሞናርክ በዓል አለ። የበዓሉ የሁላ ውድድር ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን፣ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል። ውድድሩ ካሂኮ በሚባለው ጥንታዊ ስልትና በዘመናዊው ስልት ይከፈላል፤ እርስዎ የካሂኮውን ምሽት ይምረጡ። ጨፋሪዎቹ ወደ መድረክ ሲገቡ የሚያሰሙትን ዜማና መምህራቸው ከበሮ እየመታ የሚያዜመውን በጥሞና ይስሙ፤ ትንፋሽ የሚስበው በየትኛው ሐረግ መጨረሻ እንደ ሆነ ለመለየት ይሞክሩ። በመጀመሪያ አይለይዎትም፤ የሠለጠነ ዜመኛ ሲስብ አይሰማምና።